ስለ አሻራና ስለ አሳራፊዎቹ

በዘመናችን ሰው ከመሞቱ አስቀድሞ፣ አንዳንድ ጊዜም ከሞተ በኋላ፣ ሳያሳርፈው የማይቀር ነገር ቢኖር አሻራ ነው። መምህሩ ጡረታ ሲወጣ በትውልዱ ላይ፣ ዘፋኙ በሙዚቃው ላይ፣ ነጋዴው ግማሹን ባሠራው አጥር ላይ፣ የዕድሩ ሊቀ መንበር ባሳደሰው ድንኳን ላይ አሻራቸውን አሳርፈዋል ይባላል፤ ከሚሴ ላይ በተጠራሁበት አንድ ሠርግ እንኳ የድግሱ አስተዋዋቂ ማይክራፎኑን ጨብጦ፣ ወጥ የሠሩትን እናቶች በየተራ እያስጨበጨበ፣ በድግሱ ላይ አሻራቸውን ስላሳረፉ ባመሰገናቸው ጊዜ፣ እኔ በበኩሌ እጄን ወደ ማዕዱ ከመስደዴ በፊት ሳህኔን ዞር አድርጌ መመልከቴ አልቀረም።

ቃሉን አልጠላውም። ጥርጣሬዬ ከኋላው በሚከተለው ግሥ ላይ ነው። «አሳረፈ» በአማርኛችን ብዙ ገጽ ያለው ነገር ነውና፤ ደካማን ያሳርፉታል፣ እንግዳን ከጥላ ሥር ያሳርፉታል፣ ሸክምን ከትከሻ ያሳርፉታል፤ ነገር ግን ጥፊንም ጉንጭ ላይ፣ ዱላንም ጀርባ ላይ የሚያሳርፉት በዚሁ ግሥ ነው። ስለዚህ አንድ ሹም በወረዳችን ላይ አሻራውን ሊያሳርፍ ተሹሟል የሚል ወሬ ሲመጣ፣ ብዙ ሹም ያየ ባላገር ወሬውን ሰምቶ ሳያውቀው ጉንጩን ቢዳብስ የሚፈረድበት አይመስለኝም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይል የለ ሰው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ቃሉ ክብሩን ያገኘው ቀለም በተቀባ ጊዜ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገሪቱ ሁሉ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ከተነገረ ወዲህ «አረንጓዴ አሻራ» የማይሰማበት ክረምት የለም፤ በእኛ በከሚሴ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ «አሻራ መጋሪሳ» እየተባለ በሁለት ልሳን ይነገራል። ዛፍ መትከልን የሚነቅፍ ሰው የአካባቢያችንን የጨፋ ሜዳ የግንቦት ፀሐይ ያልቀመሰ መሆን አለበትና እኔ አልነቅፍም። ነገሩን ሳስተውል ግን ከየመሥሪያ ቤቱ የሚመጡት ተካዮች፣ ጉድጓዱ አስቀድሞ ተቆፍሮላቸው፣ ፎቶ አንሺው ቦታውን ይዞ፣ ችግኙን የሚያነሡት እስከ አንጓቸው የሚደርስ ጓንት አጥልቀው ነው። በዚህ ዓለም ላይ አሻራውን ለማሳረፍ ብሎ ጓንት የሚያጠልቅ ፍጡር ከእነርሱ በቀር አላየሁም፤ እኔ የማውቀው ጓንት አጥላቂ ሌባ ነው፣ እርሱም የሚያጠልቀው እንዳያሳርፍ ነው።

ይህን ጨዋታ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቡና ላይ አንሥቼው ነበር። ከሚሴ እንደሚታወቀው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለች የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው፣ አፋሩ እየተገናኘ እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ይውላል፤ በእነዚህ ገበያዎችም ፍየልና በርበሬ ብቻ ሳይሆን ቃልም ይለወጣል፤ ልዩነቱ ቃል ሻጩ ሸጦ ሲያበቃ የሸጠውን ይዞ ወደ ቤቱ መመለሱ ነው። ከቡናው ዙሪያ ከነበሩት መካከል አንድ ሼኽና አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ሁለቱም የዕድሜ ልክ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሁለቱም ቢሆኑ በቃል አመጣጥ ነገር ለሌላው የሚያዝኑ አይደሉም።

«አሻራማ የኛ ነው» አሉ ሼኹ ፍንጃላቸውን አስቀምጠው። «በዐረብኛ ኢሻራ ማለት ማመልከት፣ በጣት ማሳየት፣ ምልክት መስጠት ነው። በሶላት ተቀምጠን ይችን ጣት ቀስር የምናደርጋት፣ እሷ ኢሻራ ትባላለች።» ጣታቸውንም ቀስረው አሳዩን፤ ከአውራ ጣት ቀጥላ ያለችዋን።

«እሷማ ሌባ ጣት ናት» አሉ መሪጌታው።

እውነት ለመናገር ይህች ጣት በቋንቋዎች ፊት ዕድለ ቢስ ናት። አማርኛ ሌባ ይላታል፤ ዐረብኛም ራሱ በአንድ አፉ «ሰባባ» ብሎ ተሳዳቢ ሲያደርጋት፣ በሌላው አፉ «ሙሰቢሓ» ብሎ አመስጋኝ ያደርጋታል። ሰው ሲሰደብም ሲመሰገንም የምትቀሰረው አንዲቷ ጣት ስለሆነች ሁለቱም ስም ሐሰት የለበትም። የወሎ ሙስሊም ግን ይህን ሁሉ ክርክር ትቶ የሸሃዳ ጣት ብሏት ዐርፏል።

መሪጌታው በዚህ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «አንቱ ኢሻራን አመጡ፤ እኔ ደግሞ አሠርን አመጣለሁ። በግእዝ አሠር ማለት የእግር ፍለጋ፣ ኮቴ፣ ዱካ ነው። አሠረ ፍኖት ስንል የቀደመው ሰው በመንገዱ ላይ ትቶት የሄደው የእግሩ ምልክት ማለታችን ነው። እጅ ሳይማር እግር ምልክት ይተው ነበር እኮ።»

«አሰር እኛም ዘንድ አለ» አሉ ሼኹ፣ እንደ መደነቅ ብለው። «ዱካ ነው እሱም። ከሶሓቦች ሲወርድ ሲዋረድ የደረሰንንም ወሬ አሰር እንለዋለን።»

ሁለቱ ሊቃውንት በአንድ ዱካ ላይ ተገናኝተው ዝም ባሉበት በዚያ ቅጽበት ከመስጊዱ አዛን ተሰማ፤ ሼኹም «ዐስር ደረሰ» ብለው ተነሡ፤ መሪጌታውም ሰዓታቸውን አይተው «ገና ዐሥር አልሞላም» አሉ፤ ቡና የምታፈላው ልጅ ደግሞ በግቢው የምትጮኸውን ፍየል አይታ «አንተ ልጅ፣ እሰራት!» ስትል ወንድሟ «አስሬያታለሁ» ብሎ መለሰ። ዱካው አሠር፣ ሶላቱ ዐስር፣ ሰዓቱ ዐሥር፣ ፍየሏም የታሰረች፤ ሁሉንም በአንድ ጉሮሮ የምናሳልፍ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ስንሆን፣ የዐይኑንና የአልፋውን፣ የንጉሡንና የእሳቱን ሰ ልዩነት ለፊደል ገበታ ትተንለት፣ ፊደል ገበታውም ማን ሊሰማው ቆሞ ይጮኻል።

ይህን ልዩነት በሕይወት ለማቆየት የደከሙ ሰዎች አልጠፉም። የግእዙን መዝገበ ቃላት የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ሳይጨርሱት ቢያልፉ ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጡ፤ አለቃም ዕድሜያቸውን ሲገፉበት ኖረው ለኅትመት ሳይበቃ ቢያልፉ፣ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ከሦስት ሰው እጅ ያለፈ አንድ መጽሐፍ ነው፤ ሆኖም የትኛው ቃል በማን እጅ እንደ ተጻፈ ገልጦ መለየት እንደ እኔ ላለ አንባቢ ቀላል አይደለም። በዘመናችን ቢሆን ኖሮ ሦስቱም በሦስት ልዩ ልዩ መድረክ ላይ አሻራቸውን ስለማሳረፋቸው ዋንጫ በተቀበሉ ነበር፤ መጽሐፉ ግን ምናልባት ገና የመጀመሪያው ፊደል ላይ ይሆን ነበር።

በጨፋ ሜዳ ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከዚህ ሁሉ መዝገብ አንዱንም አላየም፤ ነገር ግን በቃሉ ጉዳይ ከሁላችንም የቀረበ እርሱ ነው። በአፋን ኦሮሞ ዱካው «ፋና» ይባላል፤ ዱካ መከተልም «ፋና ቡኡ» ነው። አማርኛው ደግሞ ፈለግ ይላል፤ የአባቱን ፈለግ ተከተለ እንዲሉ። እንግዲህ ወደ ግእዝ ብንወጣ ፈለግ ዱካ አይደለም፣ ወንዝ ነው። ፈለገ ግዮን ብሎ የዓባይን ወንዝ የሚጠራ ቋንቋ ለልጁ ለአማርኛ ሲያወርሰው ውሃው ደርቆ መሄጃው ብቻ ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም ሰው ጠፍቶበት የሚፈልገውን ነገር ሁሉ በወንዝ ዳር ሲፈልግ ኖሮ ይሆናል።

ጨፋ ላይ ቆሞ ለሚያይ ይህ ዝምድና እንግዳ አይሆንበትም። ጨፌ በአፋን ኦሮሞ ረግረጋማ ለምለም መስክ ነው፤ የጥንቱ ሸንጎ በዚያ ላይ ይቀመጥ ስለ ነበር የዛሬውም ምክር ቤት ጨፌ ይባላል። ቦርከና ከደሴ በኩል ተነሥቶ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ አዋሽ የሚሄድ ወንዝ ነው፤ እዚህ ሜዳ ሲደርስ ግን ይንጣለላል፣ ዳሩና መካከሉ አይለይም፤ ፈለግ ሆኖ ሳለ ፈለጉ ይጠፋል። በበጋ፣ ቆላው ሁሉ ሲደርቅ፣ የአፋሩም የኦሮሞውም የአርጎባውም ከብት ይህን እርጥበት ብሎ ይመጣል፤ ጭቃው ላይ ኮቴ በኮቴ ላይ ይታተማል፣ ፀሐይም ታደርቀዋለች። ያን ደረቅ ጭቃ አይቶ የትኛዋ ላም እንዳለፈች፣ ትመራ እንደ ሆነ ትነዳ፣ ብቻዋን እንደ ሆነች ወይስ ሌባ ተከትሏት፣ ለይቶ የሚናገር ጠባቂ አለ። ምን ትምህርት ቤት ገባህ ቢሉት ይስቃል።

ጭቃ የማያስተማምነው ባለቤት ደግሞ ከብቱን ይተኩሳል። መተኮስም ጉደኛ ቃል ነው፤ ጠመንጃ ይተኮሳል፣ ሸሚዝ ይተኮሳል፣ በሬ ይተኮሳል፤ አንዱ ሲገድል፣ አንዱ ሲያሳምር፣ አንዱ የማን መሆኑን ይመሰክራል። በጋለ ብረት የተተኮሰ በሬ ገበያ ላይ ሲታይ ሻጩ ስለ ባለቤትነቱ ቢምልም ባይምልም ዳሌው ተናግሮ ጨርሷል።

ምድሪቱም ራሷ በዚህ አካባቢ ከሰው ሳትማር ምልክት ትተዋለች። በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ ከከሚሴ በስተደቡብ የካራቆሬን አገር የመታው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሶ፣ ጎዳናውን ሰንጥቆ፣ ተራራውን ንዶ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ የምድር መንቀጥቀጥ መመልከቻውን ያቋቋሙት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዌንም ወሬውን ለቃቅመው በኢትዮጵያ የመንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸው ውስጥ አኖሩት። የዚያን ጊዜ ምድሪቱ አሻራዋን አሳረፈች ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የራሱን ቤት ይፈልግ ነበርና።

ከእግር ወደ እጅ የተሸጋገርነው ግን በመንገድ ሥራ ምክንያት ነው፤ መንገዱም የእኛ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 በህንድ አገር በቤንጋል፣ ጃንጊፑር በተባለ ሥፍራ፣ ዊልያም ኸርሸል የሚባል እንግሊዛዊ ሹም ለጎዳና የሚሆን ጠጠር ለማቅረብ ከተዋዋለው የአገሬው ሥራ ተቋራጭ ጋር ሲፈራረም፣ ሰውየው ኋላ ፊርማዬ አይደለም እንዳይል ለማስፈራራት ብሎ ሙሉ መዳፉን በውሉ ጀርባ ላይ አሳተመው፤ የተጠቀመበትም ቀለም ለመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያዘጋጀው ነበር። ከዚያ በ1892 ፍራንሲስ ጋልተን የተባለው ሊቅ ስለ ጣት አሻራ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1897 ካልካታ ላይ የአሻራ መዝገብ ቤት ተከፈተ። አሻራን በመልኩ መድቦ ከሺሕ ወረቀት መካከል አንዱን ፈልጎ የማግኘቱን ዘዴ በመሥራት የደከሙት አዚዙል ሐቅና ሄም ቻንድራ ቦዝ የተባሉ ሁለት ህንዳውያን ነበሩ፤ ዘዴው ግን እስከ ዛሬ በአለቃቸው በኤድዋርድ ሄንሪ ስም ይጠራል። ይህ የሌላን ሥራ በራስ ስም ማስጠራት፣ አሻራ የማንነት ማረጋገጫ ነው በሚባልበት ትምህርት መጀመሪያ ገጽ ላይ የተፈጸመ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

እኛ አገር ደግሞ አሻራ ለረጅም ጊዜ መጻፍ የማይችል ሰው ዕዳ ነበር። የተማረ ይፈርማል፤ ያልተማረ አውራ ጣቱን ወይን ጠጅ ቀለም ውስጥ ነክሮ ወረቀቱ ላይ ይጫናል፤ ከዚያም ጣቱን በምን እንደሚጠርግ ግራ ገብቶት በግድግዳው ላይ ይጠርጋል፤ በዚህም ምክንያት በአገራችን የቆዩ መሥሪያ ቤቶች ግድግዳ ከማኅደራቸው ይልቅ የተሟላ መዝገብ ይዞ ይገኛል። ፊርማ የሚባለውን ቃል ከጣሊያንኛ፣ ቴምብርን ከፈረንሳይኛ ወስደናል፤ ማኅተም ግን ከጥንቱ «ኀተመ» የወጣ የራሳችን ነው፣ ማዕተብም «ዐተበ» ከሚለው፣ በትእምርተ መስቀል ማማተብን ከሚያሳየው ግሥ የመጣ ነው። ማዕተብ ሰው በራሱ አንገት ላይ የሚያስረው ምልክት ሲሆን ማኅተም በሌላው ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ነው፤ ሁለተኛው ለምን እንደ በዛ መመራመር ሌላ ወግ ይጠይቃል። ዛሬ ፊርማ ያለ ቲተር፣ ቲተርም ያለ ክብ ማኅተም ዋጋ የለውም፤ ክብ ማኅተሙም የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ሁልጊዜ ስብሰባ በሄደ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

አሁን ዘመኑ ተገልብጦ የተማረውም ያልተማረውም እኩል ጣቱን ይሰጣል። የዲጂታል መታወቂያው ዐዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ፋይዳ የሚባለው መታወቂያ የዐሥሩን ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዐይንና የፊትን ምስል ይመዘግባል፤ ባንኩም ሌላውም የየራሱን ጣት ጠያቂ መሣሪያ አቁሟል። ቀለሙ ቀርቶ መስተዋት መጥቷል፤ ግድግዳውም ድኗል።

መስተዋቱ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ የሥራን እጅ አያውቅም። ዘመኑን በድንጋይና በአፈር፣ በገመድና በማጭድ የፈጀ ሰው የጣቱ መስመር ይሟሽሻል፤ በዓለም ሁሉ ግንበኞችና ገበሬዎች በዚህ ምክንያት ከመሣሪያ ፊት ቆመው ይንገላታሉ። በሌላ አነጋገር፣ በምድሪቱ ላይ በእውነት ሲያሳርፍ የኖረው ሰው ለመንግሥት የሚያሳየው አልተረፈለትም፤ ጓንት አጥልቆ ሲያሳርፍ የከረመው ግን ዐሥሩም ጣቱ እንደ ተፈጠረ ነው።

ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ለራሴ ጉዳይ ተሰልፌ ሳለሁ ከፊቴ የቆሙት ሽርጥ ያገለደሙ፣ ነጭ ቆብ የደፉ፣ ከአርጡማ በኩል የመጡ አዛውንት ነበሩ። መሣሪያውን የሚያሠራው ልጅ በአክብሮት ተነሥቶ፣ «አባባ፣ መጀመሪያ የቀኝ ሌባ ጣትዎን እዚህ ላይ ያስቀምጡልኝ» አላቸው።

«ሌባ ጣት የለኝም» አሉ አዛውንቱ ፈርጠም ብለው። «በሰው ማሳ ገብቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ይቺ የሸሃዳ ጣቴ ናት።»

«እሺ አባባ፣ የሸሃዳዋን።»

አስቀመጡ፤ መሣሪያው ቀይ አበራ። ጠረጉና አስቀመጡ፤ ቀይ። ልጁ በውኃ አስታጠባቸው፤ ከሰልፉ አንዷ ሴት ከቦርሳዋ ቫዝሊን አውጥታ ሰጠች፤ ሌላው ትንፋሽዎን እፍ ይበሉበት አለ፤ ሁሉም ተደረገ፤ ቀይ። አውራ ጣት፣ መሐል ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ ሁሉም ቀይ። ልጁ ፊቱ ላብ አወጣ።

«አባባ፣ አሻራዎ እኮ አይታይም።»

አዛውንቱ መዳፋቸውን ዘርግተው አገላብጠው ተመለከቱ። «እሱማ ዕርፉ ላይ ነው ያለው» አሉ። «እኔ ዕርፍ የምይዘው በቀኝ ነው። ተሸክሜው ልምጣልህ?» (ይህ ዕርፍ የሚሉት የማረሻ እጀታ ስሙ ለዕረፍት የቀረበ ይምሰል እንጂ ይዞት ያረፈ ሰው አልታየም።)

«አብሽሩ አባባ፤ አንድ ቀርታለች፣ ማርያም ጣትዎ።»

ትንሿን ጣታቸውን አስቀመጡ፤ አረንጓዴ በራ። ሰልፉ ሁሉ እልል ለማለት ምንም አልቀረውም።

«መርየም መች ታሳፍርና» አሉ አዛውንቱ ዘወር ብለው፣ ለሁላችንም እንደ ማስረዳት አድርገው። «በቁርኣናችንም ሱራ አላት እኮ።»

«አሁን ግራ እጅዎን አባባ፤ አምስቱንም አንድ ላይ ያሳርፉት።»

ግራውን አሳረፉ፤ ገና ከማሳረፋቸው አምስቱም በአንድ ጊዜ አረንጓዴ በሩ። ልጁ በደስታ «ማሻ አላህ! ይኼኛው እንዴት ነው እንዲህ የዳነው?» ብሎ ጠየቀ።

«እሱ ምን ሥራ ነበረበትና» አሉ አዛውንቱ ቆባቸውን እያስተካከሉ፤ «ጅራፍ ይዞ ሲያዝ ነው የኖረው።»